ከበር እስከ አልጋ

ነሐሴ 5 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ በሩን ጀመርን። «በሩ» የምንለው ከሮቤ ሆስፒታላችን የድንገተኛ ክፍል መግቢያ ፊት ለፊት፣ ቆርቆሮው ስር ያስቀመጥነውን አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው። እስከ ትናንት ድረስ የታመመ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ካርድ ያወጣል፣ ከዚያ እኛ ጋ መጥቶ እንደገና ይሰለፋል። ልጁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ካርድ ካርድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን አንድ ነርስ በሩ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ ያያል። ቀይ የተባለ ካርድ ሳይጠየቅ ቀጥታ ወደ አልጋ ይገባል። ቢጫ የተባለ ቶሎ ይታያል። አረንጓዴ የተባለ እንደ ድሮው ካርድ አውጥቶ ወረፋውን ይጠብቃል።

ይህን ለማስፈቀድ ዓመት ሙሉ ለምኛለሁ። ሜዲካል ዳይሬክተራችን ዶክተር ፍቅረሥላሴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ደክሞታል እንጂ። ባለፈው ሳምንት ቢሮው ጠርቶኝ፣

«ሲስተር ሠርከአዲስ፣ እነዚህ ልጆች የሚሞቱት ከቤታቸው ዘግይተው ስለሚመጡ ነው። በር ላይ ነርስ ስላቆምሽ ከገሰራ ገጠር እዚህ ያለው መንገድ አያጥርም» አለኝ።

«የገሰራን መንገድ አሳጥራለሁ አላልኩም ዶክተር። ከእኛ በር እስከ እኛ አልጋ ያለውን ነው ላሳጥር የምለው። ልጆቹ የሚዘገዩት እኛ ጋ ነው።»

ሳቀ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሰጠኝ። እስከዚያ ለውጥ ካላየ ነርሱንም ለበሩ የተሰጠንን የኦክስጅን ማሽንም ወደ አዋቂዎቹ ክፍል ይመልሳል። ይመልሳል ይበል እንጂ አይመልስም።

ነሐሴ 8

በሩጫ ነው የምጽፈው። ከሲናና የመጣች ልጅ፣ ስትንቀጠቀጥ ደረሰች። በሩ ላይ ያለው ነርስ ደራራ ከእናቷ እጅ ነጥቆ ሮጠ። ስኳሯ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ሰጠናት፣ ዓይኗን ገለጠች። እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ የጠፋ ጫማዋን ትፈልጋለች።

ወገባቸውን የታመሙ አንድ ሽማግሌ «እኛስ ሰው አይደለንም ወይ?» ብለው ጮኹ። ደራራ፣ «አባባ፣ እርስዎ ሲያምዎት ይናገራሉ። እሷ መች ትናገራለች?» አላቸው። ሽማግሌው በኋላ ካርድ ክፍል ሄደው ስሞታ አቅርበዋል። ደራራ ሁለት ዓመት የሠራ ልጅ እግር ነርስ ነው። እጁ ፈጣን ነው፣ አፉም አያንስም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ሰፈሩ ሁሉ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ከሥራ መልስ ጎረቤቴን ሐመልማልን ልጠይቅ ገባሁ፤ ከወለደች ገና ሳምንታት ነው። ሕፃኑ በፎጣና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበት ተኝቷል። እኛ አገር የልጅ ፊት አይገለጥም። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነው። ብርዱም አለ፣ የሰው ዓይንም አለ። ልግለጥና ልየው የሚል እንግዳ ቢኖር ሴቶቹ በግልምጫ ያስወጡታል። እኔም እንደ ሰው ሁሉ በጥቅሉ ላይ ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያሳድግልሽ» ብዬ፣ ዳቦዬን በልቼ ወጣሁ። ኪሎውን እንኳን አልጠየቅኩም። በዕረፍቴ ነርስ አይደለሁም።

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ እኛ ያወሩ ነበር።

«እዚያ ሆስፒታል አሁን ካርድ ቀርቷል አሉ። የሚያለቅስ ልጅ ዝም ብሎ ይገባል።»

«ታዲያ በር ላይ ሲደርሱ ቆንጠጥ ማድረግ ነዋ!»

ሳቁ። እኔም ከኋላቸው ሳቅኩ። ለደራራ ነገርኩት፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሥራችንን ቀጠልን።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አንድ ልጅ ሞተ። ወንድ፣ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ ከገሰራ። የሳንባ ምች። ዘግይቶ ነው የመጣው።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ መብራት መጣ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ነሐሴ 21

ትናንት የሚጻፍ የለም ብያለሁ። ትንሽ አለ።

እናቲቱ ጁሀራ ትባላለች። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ደርሳ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ዝናቡ በማይመታበት በኩል ተቀምጣ ነበር። ልጁ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፣ ፊቱም ተሸፍኗል። አያለቅስም። አጠገቧ ሌሎች ልጆች ይጮሃሉ፤ አንደኛው ፍል ውሃ እጁን አቃጥሎት ጩኸቱ ጆሮ ይበሳል። ደራራ ምሳ ሄዷል። በእሱ ቦታ በሩ ላይ የነበረው ሰው ወደ ጁሀራ ዞሮ በኦሮምኛ እንደ ወጉ ሰላምና ጤናዋን ጠየቃት።

«ነጋ? ፈያ? ልጁስ ፈያ?»

እሷም እንደ ወጉ፣ «ፈያ፣ አልሀምዱሊላህ» አለች።

እዚህ አገር ሰላም ነሽ ወይ ሲሏት ሰላም አይደለሁም ብላ የምትጀምር ሴት የለችም። ሰው እየሞተበትም ቢሆን መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፣ ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚወራው። ጁሀራም ያን ተከታዩን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ። ማንም አልጠየቃትም። አረንጓዴ ምልክት ተሰጥቷት ወደ ካርድ ክፍል ተላከች።

ወረፋዋ ደርሶ ስትገባ ወደ አመሻሹ ነበር። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። ኦክስጅን አደረግንለት፣ በእጃችንም አስተነፈስነው። ልቡ ትንሽ ሄደችና ቆመች።

ያን ጊዜ አንድ ሰው «ምን ስትሠሪ ቆየሽ? ዘግይተሽ እኮ ነው ያመጣሽው» አላት። ልጅ ሲሞት ሁልጊዜ አፋችን ላይ የሚመጣ ነገር ነው እንጂ ታስቦ የሚባል አይደለም። እሷም «እሺ» አለች። «እሺ» ምን ማለት ነው? ልጁን መልሳ ሸፈነችው፣ ፊቱንም ጭምር። አብሯት ከመጣው የባሏ ወንድም ጋር ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

ካርዱ ላይ «ዘግይቶ የደረሰ» ተብሎ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ተረኛ ስለነበርኩ ነው። በሩ ላይ የነበረውን ሰው መውቀስ አይቻልም። የምሳ ሰዓት ነበር። ሌሎቹ ይጮሁ ነበር።

ነሐሴ 26

ከዛሬ ጀምሮ በሩ ላይ የሚደርስ ልጅ ሁሉ ፊቱና ደረቱ ተገልጦ ይታይ ብዬ ተናገርኩ።

ደራራ፣ «ኧረ ሲስተር! እናቶቹ ይጣሉናል። ምን ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም። መመሪያ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ተጣሉንም። ከጎባ የመጣች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት እጄን ለቀም አድርጋ «ይህ ሁሉ ሕዝብ እያየ፣ ሲስተር?» አለችኝ። ከአጋርፋ የመጡ አንዲት አያት ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው «ቆሪ ጅራ፣ ቆሪ ጅራ» ይሉኛል። ብርዱማ አለ፤ ከባሌ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ እኔም አውቀዋለሁ። ለብርዱ መልስ አለኝ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ መጋረጃ አሰቅላለሁ። ለዓይኑ ግን ምን ልበል? እኔስ የራሴን ልጆች ሸፍኜ አይደል ያሳደግኩት?

ነሐሴ 29

መጋረጃው ተሰቀለ። ሁለት ቢጫ፣ አንድ ቀይ። ቀዩ ድኗል። ደራራ ፊት የሚገልጠው እኔ ሳለሁ ብቻ ይመስለኛል።

ጳጉሜ 4

ዶክተር ፍቅረሥላሴ የወሩን ሪፖርት ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ። ነርሶቹ ሁሉ ባሉበት፣

«በጣም ጥሩ ነው። በር ላይ ከታዩት ውስጥ የሞተው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ዘግይቶ የመጣ ነው። ለእሱ እናንተ ምን ታደርጉለታላችሁ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለና፣ «አየሽ? ያልኩሽም ይህንኑ ነው» አለኝ።

በሰው ፊት አመሰገነኝ። ዓመት ሙሉ ልጆቹ የሚዘገዩት እኛ ጋ ነው ብዬ የተከራከርኩት ሰውዬ፣ እኔው በጻፍኩት ነገር ረታኝ። «አመሰግናለሁ ዶክተር» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

  

መስከረም 1 ቀን 2018

እንኳን አደረሰን። ተረኛ ነበርኩ። ሁለት ቀይ ገብተው ሁለቱም ተሽሏቸዋል። ሠራተኛው ዳቦና ጠላ ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ገሰራ ዛሬ ምን እየተደረገ ይሆን እያልኩ ነው የዋልኩት። እነሱ እስላሞች ናቸው፤ የእንቁጣጣሽ ጣጣ የለባቸውም። ምን እንዳሳሰበኝ አላውቅም።

መስከረም 9

ዛሬ ጮህኩ። በሥራ ላይ የምጮህ ሰው አይደለሁም።

ከሃረና በኩል፣ ከጫካው ሰፈር አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ናት፤ በጋቢ ተጠቅልላ ትከሻው ላይ ተኝታለች። በሩ ላይ ደራራ ነበር። አረንጓዴ ሰጥቷት አባትየው ካርድ ክፍል ተሰልፏል። እኔ ከመድኃኒት ክፍል ስመለስ በሰልፉ ጎን አለፍኩ። አልፌያቸው ከሄድኩ በኋላ ቆምኩ። ዝም ያለ ጥቅል አላስችል ብሎኛል በዚህ ሰሞን። ተመለስኩና ሳላስፈቅድ ጋቢውን ገለጥኩት። አፍንጫዋ ይርገበገባል፣ በየትንፋሹ የጎድን አጥንቶቿ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ነጥቄ ሮጥኩ። አባትየው ሌባ የነጠቀችው መስሎት እየጮኸ ተከተለኝ።

ኦክስጅን ማሽኑ ላይ አደረግናት። ወደ ማታ ከንፈሯ ቀላ፣ ውሃ ጠየቀች። ትድናለች።

ከዚያ ወጥቼ ደራራ ላይ ጮህኩበት፣ በሕመምተኛው ሁሉ ፊት። ፊት ይገለጥ አላልኩም ወይ፣ ጆሮ የለህም ወይ አልኩት። ልጁ ጭንቅላቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሰው ሲበተን መጣና ቀስ ብሎ፣

«ሲስተር፣ አጥፍቻለሁ። ግን ለምን እንደምንገልጥ አንድ ቀን ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? መመሪያ ነው አልሽኝ። መመሪያማ ግድግዳው ሙሉ ነው፣ ማን ያነበዋል? አባትየውን ልጅህ እንዴት ናት አልኩት፣ ፈያ አለኝ። እኔም አመንኩት» አለ።

 ሂድ ሥራህን ሥራ አልኩት።

መስከረም 15

ገላኔ ከገሰራ በአምቡላንስ ወላድ ይዛ መጣች። ገላኔ የዚያ ሰፈር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምር፣ ሁሉን የምታውቅ ሴት ናት። ሻይ ጋበዝኳት። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«ያቺ በነሐሴ ልጇ እዚህ የሞተባት ልጅ፣ ጁሀራ የምትባል፣ ታውቂያታለሽ?»

«ኧረ ጎረቤቴ ናት! ምስኪን። አሁንማ አባቷ ቤት ናት።»

«ምነው?»

«አማቷ ወይዘሮ ሀዋኒ በጣም ከፉባት። ልጁ ሲያተኩሰው ገበያ ውላ ነው፣ ዘግይታ ነው የገደለችው አሉ። ባሏ ቃሲም መጀመሪያ አላመነም ነበር። ግን ወንድሙ አብሯት ነበራ፤ ሲስተሯ ራሷ ዘግይተሽ ነው ያመጣሽው ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ነገረው። ከዚያ ማን ያስታርቅ? ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቶ ተመልሷል።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«ምንም። ሐኪም ዘገየሽ ካላት ምን ትበል? አታለቅስም እንኳን። ባታለቅስ ጊዜ ደግሞ ጥፋቷን ስለምታውቅ ነው አሏት።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። ገላኔ የእኔንም ጠጣችው።

መስከረም 16

እንዲህ ያለ ቃል ሆን ብለን አንናገርም። እንናገራለን። በዚህ ዓመት ብቻ ለስንት እናት ተናግረነው ይሆን? ቤታቸው ይዘውት እንደሚሄዱ አስበን አናውቅም። እኛ ተናግረን እጃችንን ታጥበን ወደሚቀጥለው አልጋ እንሄዳለን፤ እሷ ግን ገሰራ ድረስ ተሸክማው ትሄዳለች።

መስከረም 18

መስቀል ትናንት አለፈ። ዛሬ እሑድ ነው፤ ኃይለየሱስ ቤት ነበር። ባለቤቴ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው፤ የቅጣትና የማስጠንቀቂያ ነገር እሱ ጋ ነው የሚያልቀው። ለአንዲት ነርስ ምክር ፈልጌ ነው ብዬ ነገሩን አወራሁት።

«ልጁ ይመለሳል?» አለኝ።

«አይመለስም።»

«እንግዲያው ዝም ትበል። ከተናገረች የሚቀጣት አይጠፋም። በሩንም ሰበብ አድርገው ይዘጉታል።»

«እናትየዋስ?»

«እናትየዋማ ወጣት ናት አላልሽም? ሌላ ትወልዳለች።» ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ ነርሷ ማናት?»

«አታውቃትም» አልኩት።

ነርሷ እኔ ነበርኩ። ደራራ ምሳ ሲሄድ በሩ ላይ የተተካሁት እኔ ነኝ። ፈያ ብዬ ጠይቄ ፈያ ስትለኝ ያለፍኳት እኔ ነኝ። ዘገየሽ ያልኳትም እኔው ነኝ። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ፣ እጄን ብዘረጋ ብርድ ልብሱ ይደርስልኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩት፣ ሰማይ አልተደፋብኝም። እዚህ መጻፉ ግን ለጁሀራ ምንም አይጠቅማትም።

መስከረም 22

አልተናገርኩም። ሥራ በዛ። ሁለት ቀይ፣ አንዱ ማጅራት ገትር ይመስላል።

መስከረም 23

አልተናገርኩም። ዛሬ ሥራ አልበዛም።

መስከረም 26፣ ሰኞ

በጠዋቱ የተረኞች ርክክብ ላይ ተናገርኩ።  የገሰራው ልጅ ዘግይቶ አልመጣም አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ነበረው፣ እኔ ፊቱን ሳልገልጥ በሰላምታ አሳልፌ ወረፋ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከዚያ እናቱን ዘገየሽ አልኳት። ፊት ግለጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የሚጮኸው ልጅ ራሱ ይጠራናል፤ በጣም የታመመው ግን ለመጮህ አቅም የለውም፣ ተሸፍኖ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ ያገሩ ልጆች ስለሆንን የተሸፈነ ልጅ አንነካም።

  ከዚያ ደራራ እጁን አወጣ፣ እንደ ተማሪ።

«እኔም አንድ አለኝ ሲስተር። ከሃረናዋ በፊት። በሐምሌ፣ በሩ ሳይጀመር። ሰልፉ ውስጥ አይቻቸው ነበር።»

ቀጥሎ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሸዋርጋ ተናገረች። ከዚያ ሌላ ነርስ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ርክክቡ ረጅም ሆነ፤ ከውጭ በር ሲንኳኳ ነው ያቆምነው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ፍቅረሥላሴ ጠራኝ። ወሬው ቀድሞኛል።

«ለሪፖርቱ ምን ልበል አሁን?» አለ። ፊቱ ቀልቷል።

«ዘግይቶ የመጣ የሚለውን ሰርዙትና በር ላይ የቆየ በሉት።»

«ይህ እኮ በማስጠንቀቂያ ብቻ የሚያልፍ አይደለም። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

በሩን ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ። አሥር ዓመት በዚህ ሆስፒታል ሠርቷል።

«ዘግይተው መጡ ብዬ የፈረምኩባቸው ልጆች ብዙ ናቸው» አለ። ለእኔ የተናገረው አይመስለኝም። ከዚያ «በሩ ይቀጥል፤ ያንቺን ነገር ኮሚቴ ያየዋል» አለኝና ስልኩን አነሣ።

ደራራ አሁን እናቶቹን በኦሮምኛም በአማርኛም ምክንያቱን እየነገረ ነው የሚገልጠው። መጋረጃውን ዘግቶ፣ ጀርባውን ለሰልፉ ሰጥቶ። አብዛኞቹ እሺ ይሉታል። ምክንያቱን ሲሰሙ እሺ ይላሉ። ይኼ ሁሉ ሳምንት ያስፈለገው ይህንን ለማወቅ ነው።

መስከረም 29

ለገላኔ ደወልኩላት። እሑድ ገሰራ እንደምመጣ ነገርኳት። ለምን እንደምመጣም ነገርኳት።  ከዚያ «ሁለቱንም ቤተሰብ እሰበስባለሁ። ነይ ብቻ» አለችኝ።

ለኃይለየሱስም ነገርኩት። ነርሷ ማን እንደሆነች አውቆ ነበር አለ፣ ከጠየቅኩት ቀን ጀምሮ። ልሸኝሽ አለኝ። እምቢ አልኩ።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

ከገሰራ አሁን ተመለስኩ። ሁሉንም እንደሆነው እጽፋለሁ።

ባዶ እጅ ለቅሶ አይደረስም ብዬ ሮቤ መነኸሪያ ጎን ስኳር ገዛሁ። መኪናው ሞልቶ ሲነሣ ስኳሩን ጭኔ ላይ አየሁትና አፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ስንዴው ገና አልበሰለም፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ስለ ዋግ፣ ስለ ስንዴው በሽታ እያወሩኝ ሄዱ። አዎ፣ አዎ እላቸው ነበር።

ቃሲም ቤት ገላኔ ቀድማኛለች። ቤቱ ንጹሕ ነው። ወይዘሮ ሀዋኒ ግድግዳው ጋ ተቀምጠዋል፤ ከገመትኩት በላይ አርጅተዋል። ቃሲም ረጅም፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው። ጁሀራ ከአባቷ ጋር በሩ አጠገብ፣ እንደ እንግዳ፣ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አወቀችኝ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ነጋ፣ ፈያ፣ ከብቱ፣ እህሉ፣ ዝናቡ። ሁላችንም ፈያ አልን፣ አልሀምዱሊላህ አልን። አንዱንም አልዘለልነውም።

ከዚያ በኦሮምኛ፣ የምችለውን ያህል አጥርቼ ተናገርኩ።

«ልጁ የሞተ ዕለት በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጁሀራ አልዘገየችም። ልጁ በባሰበት በነጋታው፣ ገና ሳይነጋ ከዚህ ተነሥታ በምሳ ሰዓት እኛ ጋ ደርሳለች። ልጁ ያኔ ይድን ነበር። ሳላየው ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

ቃሲም እናቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ወንድሜ ግን ሰምቷል። ዘገየሽ ብላችኋታል።»

«እኔ ነኝ ያልኳት። እውነት አልነበረም።»

ወይዘሮ ሀዋኒ፣ «ታዲያ ለምን አልሻት?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው።

«ልማድ ሆኖብን ነው እማማ። ልጅ ሲሞትብን እንዲህ እንላለን።»

«እኛ በዚያ ቃል ቤት አፈረስን» አሉ።

ይቅር በሉኝ ብዬ ተነሣሁ። የጁሀራ አባት ተቀመጪ አሉኝ። ማንም አልተሳደበም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ገላኔ አንድ ነገር ልትናገር ስትል ጁሀራ ቀደመቻት። ከመጣሁ ጀምሮ ከሰላምታው ሌላ ድምፅ አልሰማሁባትም ነበር። ዓይኔን እያየች፣

«ሚፍታን ገልጬው ቢሆን ኖሮ፣ ታዪው ነበር?» አለችኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ባሏም፣ አማቷም። እውነቱ አዎ ነው። ተገልጦ ቢሆን ኖሮ አየው ነበር፣ ነጥቄው እሮጥ ነበር። ግን አዎ ብላት ያወረድኩላትን ሸክም እዚያው መልሼ ላሸክማት ነው። እሷ ልጇን ከብርድና ከዓይን ሸፈነችው፤ እናቷም አማቷም እንዲሁ ያደረጉትን አደረገች። ለማየት ደመወዝ የሚከፈለኝ እኔ ነኝ።

«መግለጥ ያንቺ ሥራ አልነበረም። የእኔ ሥራ ነበር» አልኳት።

ጁሀራ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበችና አለቀሰች። ከነሐሴ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፣ ገላኔ በኋላ እንደነገረችኝ። ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰችው። ቃሲም ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆመ። ወይዘሮ ሀዋኒ ግድግዳውን ተደግፈው በዝግታ ተነሡ፣ ቤቱን አቋርጠው ሄዱ፣ ከምራታቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።